ቪዲዮው ሲዘጋ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው

ከወሎዎቹ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው፦ «ኮርሱን እጨርሳለሁ፣ ሰርተፊኬቱንም አገኛለሁ፤ ባዶ ፋይል ስከፍት ግን ምንም አይመጣልኝም። ምን ላድርግ?» በተለይ በሐምሌ 2016 የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ስለዚህ እኔ አዲስ ቴክኖሎጂ ስማር የምከተለውን መንገድ እዚህ ላስቀምጠው።

ባጭሩ፦ አዲስ ነገር የሚጸናልን ሳናይ ስንጽፈውና የጻፍነው ሲታረም ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ቪዲዮ ስናይ አስተማሪው የሚጽፈው መስመር ሁሉ ግልጽ ስለሚሆንልን ያወቅነው ይመስለናል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ፈትሸውታል። ተማሪዎች አንዱን ጽሑፍ ደጋግመው እንዲያነቡ፣ ሌላውን ግን አንብበው ከዘጉ በኋላ ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተደጋገመው ንባብ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ ዘግተው ከጻፉት 56 በመቶ ቀራቸው። ኮርስ በጨረስንበት ምሽት የሚሰማን እርግጠኝነት የአምስቱ ደቂቃ ውጤት ነው። ሥራ ላይ የሚፈለገው ደግሞ የሳምንቱ ነው።

ሠርቶ መምህር ፊት ቀርቦ መታረምም ለወሎ እንግዳ አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ብዙዎችን አስተምረዋል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ነበሩ። የእስልምና ትምህርት ተማሪው፣ ደረሳው፣ ደግሞ ኪታቡን ሼኹ ፊት ቀርቦ እያነበበ ይማራል፤ ፊቅሁን (ሕጉን) ካንዱ ይዞ ነህው (ሰዋስው) ፍለጋ ወደ ሌላው ይሄዳል። ለእኛ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ነው። ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ባለው በጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደርሰው ደረጃ በደረጃ ነው። ግሱንና አገባቡን ያጠናል፣ መምህሩ የቆጠሩትን ይሰማል። ከዚያ ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ይቆጥርና ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። የመምህሩን ቅኔ በቃሉ ቢወጣው እንኳ ቅኔ አወቀ አይባልም።

ይህን ወደ ኮድ ሳመጣው እንዲህ አደርጋለሁ።

1. ትንሽ እወስዳለሁ፣ ዘግቼ እጽፋለሁ

አንድ ሐሳብ እንደገባኝ ቪዲዮውን እዘጋና ያንኑ በባዶ ፋይል ከአእምሮዬ እጽፋለሁ። የጠፋኝ ቦታ ላይ ወዲያው አልመለስም፤ መጀመሪያ እገምታለሁ፣ አስሮጠዋለሁ፣ የሚመጣውን የስህተት መልእክት እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ከዚያ ነው ዶክመንቴሽኑን የምከፍተው። በማግስቱ ያንኑ ፋይል አጥፍቼ እንደገና እጽፈዋለሁ። አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው አጥሮና ጠርቶ ይወጣል፤ መማሬንም የማውቀው በዚያ ነው።

2. ችግሩን ሳልቀይር መሣሪያውን እቀይራለሁ

አዲስ ቋንቋና አዲስ ችግር አንድ ላይ ስንይዝ የትኛው እንደከበደን አናውቅም። ስለዚህ አንድ በደንብ የማውቀውን ችግር ይዤ በእያንዳንዱ አዲስ ቋንቋ እሠራዋለሁ። ለእናንተም የማቀርበው የእኛን የቀን መቁጠሪያ ወደ ጎርጎርዮሱ የሚቀይር ፕሮግራም ነው። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 እንዲህ ያለ ዓመት ነበር። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11። በጎርጎርዮሱ 2100 ፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለሌላት ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይጨምራል። እዚህ ውስጥ ሁኔታ አለ፣ ድግግሞሽ አለ፣ ፋንክሽን አለ፣ መልሱን የምትፈትሹበት ቴስትም አለ። ፓይተን ላይ የሠራችሁትን ጎ ላይ ስትሠሩት የሚቀረው ትምህርት የቋንቋው ጠባይ ብቻ ነው።

ከፍ ሲል ደግሞ ፍለጋ ሥሩ። ተጠቃሚው «ሐይቅ»፣ «ሃይቅ» ወይም «ሀይቅ» ብሎ ቢጽፍ ያው መዝገብ መምጣት አለበት። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ገብቷል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሐ እና ሀ ፍጹም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። አንድ ዓይነት ድምፅ መሆናቸውን በኮድ መንገር የእኛ ሥራ ነው። ይህን ደግሞ ከውጭ የመጣ ኮርስ አያስተምራችሁም።

3. የማያረጀውን አስቀድማለሁ

አንጉላርጄኤስ በ2010 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ድጋፉ በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። ሪአክት በ2013 ወጣ፤ በ2019 ሁክስ ሲመጣ የአጻጻፍ ልማዱ ተለወጠ። ኤስኪውኤል ግን ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዛሬም የዳታቤዝ ቋንቋ ነው። ኤችቲቲፒ፣ የዳታ ስትራክቸር ዕውቀት፣ ጊትም እንዲሁ በየሁለት ዓመቱ አይጣሉም። ፍሬምወርክ ተማሩ፤ እንጀራ ያበላል። ነገር ግን የምትማሩት ፍሬምወርክ ከሥር ምን እንደሚልክ፣ ዳታቤዙን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ካወቃችሁ ቀጣዩን ለመልመድ የሚፈጅባችሁ ጊዜ በጣም ያጥራል።

4. ኔትወርክ ሳይጠፋ እዘጋጃለሁ

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ዘልቋል። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በቪዲዮ ላይ የቆመ ሰው በዚያ ጊዜ ምን ሊማር ይችላል? የፓይተንና የፖስትግሬስ ዶክመንቴሽን ሙሉውን ማውረድ ይቻላል። ዴቭዶክስ የተባለው የዶክመንቴሽን ስብስብም አስቀድሞ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ጊትም ኮሚት ለማድረግ ኔትወርክ አይፈልግም። መስመር ባለበት ቀን እነዚህን አውርዱ፤ ለጓደኛችሁም በፍላሽ ስጡ። ዶክመንቴሽኑን ብቻ ይዞ ኮድ መጻፍ የለመደ ሰው መስመር ሲመለስም ፈጣን ነው።

5. የሚያርመኝ እፈልጋለሁ

ቅኔ ነጋሪ መምህር እንደሚያስፈልገው ሁሉ ኮድም አንባቢ ይፈልጋል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተደራጁና በሳምንት አንድ ጊዜ አንዱ የሌላውን ኮድ መስመር በመስመር ያንብብ። «ይህን ለምን እንዲህ ጻፍከው?» የሚለውን ጥያቄ በቃል መመለስ ካቃታችሁ ያ ክፍል ገና አልገባችሁም ማለት ነው። በአካባቢያችሁ ሰው ካጣችሁ ቻትጂፒቲና መሰሎቹ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ። መጀመሪያ እናንተ ጻፉ፣ ከዚያ «ስህተቴን አሳየኝ፣ ኮዱን ግን አትጻፍልኝ» በሉት። የሚሰጣችሁንም አስሮጣችሁ አረጋግጡ።

የዚህ ሳምንት ሥራ ይኸውላችሁ። አሁን የምትማሩትን ቋንቋ ይዛችሁ የቀን መቁጠሪያውን ፕሮግራም ቪዲዮ ሳታዩ ጀምሩ። ከላይ የጻፍኩላችሁን ሁለት መስከረም አንዶች እንደ ቴስት አስገቧቸው፤ የራሳችሁን የልደት ቀንም ጨምሩ። የተሠራውንም፣ መሃል ላይ የቆመውንም በግሩፓችን ላኩት፤ አነበዋለሁ። ከላካችሁ በኋላ ደግሞ የአንድ ሌላ ሰው ኮድ አንብባችሁ አስተያየት ስጡ።