ቸርኬው በተለቀ ቁጥር ሂሳቡም ይተልቃል
የስፖርት መኪና ገዢ ለምቾት፣ ለመሪና ለጎማ የሚከፍለው ዋጋ

መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ቦኔቱን ሳያስከፍትና ሊብሬውን ሳይጠይቅ በፊት ዓይኑ የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። ይህን ደላላው ያውቃል፣ ሻጩም ያውቃል፤ ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ ፋብሪካው ያውቀዋል። የስፖርት መኪና ቸርኬ በየሞዴሉ አንድ አንድ ኢንች እየጨመረ የሄደው መኪናውን የተሻለ ስለሚያስነዳ ብቻ አይደለም። ትልቅ ቸርኬ በፎቶግራፍ ያምራል፣ በኤግዚቢሽን አዳራሽ ያምራል፣ በዋጋ ዝርዝሩ ላይም የራሱን መስመር ይዞ ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍላል። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ግን መሪውን ይዞ አስፋልት ላይ ሲወጣ ምን አገኘ? ምንስ አጣ?

የፖርሽ 911 ጉዞ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ ሲቀርብ ቸርኬው 15 ኢንች፣ የጎማው ስፋት ደግሞ 165 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ትውልድ ካሬራ ኤስ ከፊት 20፣ ከኋላ 21 ኢንች ቸርኬ ሲኖረው፣ የኋላ ጎማው 305 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የተባለችው ትንሽ ክፍት መኪናም እ.ኤ.አ. በ1989 በ14 ኢንች ጀምራ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ትውልድ 16 ወይም 17 ኢንች ላይ ደርሳለች።

«ፍጥነት ሲጨምር ቸርኬም መተለቅ ስላለበት ነው» የሚል ክርክር አይጠፋም። ክርክሩ ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በሰዓት ወደ 386 ኪሎ ሜትር የሮጠው ማክላረን ኤፍ 1 የተሠራው በ17 ኢንች ቸርኬ ሲሆን፣ የፊት ጎማው 235/45፣ የኋላው 315/45 ነበር። ዛሬ 17 ኢንች በአንድ ተራ የቤት መኪና ላይ ቢታይ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ፍጥነት ብቻውን 21 ኢንች አያስፈልገውም። ግማሹ እውነት ያለው ፍሬኑ ዘንድ ነው። የከባድና የፈጣን መኪና የፍሬን ዲስክ ሰፊ መሆን አለበት፤ ሰፊ ዲስክ ደግሞ በትንሽ ቸርኬ ውስጥ አይገባም። ከዚያ በላይ ያለው ጭማሪ በአብዛኛው የመልክ ጉዳይ ነው።

የጎማው ቁጥር ምን ይናገራል?

ነጋዴው በየዕለቱ የሚያያቸውን ሦስት ቁጥሮች እንውሰድ፤ 205/55 አር 16፣ 225/45 አር 17 እና 225/40 አር 18። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይነግራል። የመጨረሻው ቸርኬው በኢንች ነው። ሂሳቡ ሲሠራ የሦስቱም ጎማዎች ጠቅላላ ቁመት ከ63 እስከ 64 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። መኪናው ከፍም ዝቅም አላለም ማለት ነው። የተለወጠው በቸርኬውና በመሬቱ መካከል ያለው ላስቲክ ነው፤ በ16 ኢንቹ 113 ሚሊ ሜትር የነበረው በ17ቱ 101፣ በ18ቱ ደግሞ 90 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብረቱ ሲያድግ ላስቲኩና በውስጡ ያለው ንፋስ ይቀንሳል።

ችግሩም ጥቅሙም የሚመጣው ከእነዚህ ከ2 ሴንቲ ሜትር በጥቂት ከሚበልጡ የላስቲክ ሚሊ ሜትሮች ነው። ብዙ ሰው መኪናን የሚያለሰልሰው ሞላውና አሞርዛተሩ ብቻ ይመስለዋል። ከመንገዱ ጋር በመጀመሪያ የሚገናኘው ሞላ ግን ጎማው ራሱ ነው። ከፍ ያለ ጎን ያለው ጎማ ጠጠር ወይም የአስፋልት ስንጥቅ ሲያገኝ ጎኑን አጠፍ አድርጎ ያሳልፋል። ጎኑ አጭር ሲሆን ለመታጠፍ ቦታ ስለሌለው ምቱ ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬው ወደ አሞርዛተሩ፣ በመጨረሻም ወደ ተቀማጩ ወገብ ይተላለፋል።

ክብደትም አለ። ቸርኬ፣ ጎማና ፍሬን ከሞላው በታች ስለሚገኙ መኪናው በሞላው ላይ አይሸከማቸውም፤ ከመንገዱ ጋር አብረው ይዘላሉ። የከበደ ቸርኬ ጉብታ ሲመታ ወደ ላይ የሚነሳበትን ኃይል አሞርዛተሩ ቶሎ ሊያቆመው ያቅተዋል። ለጥቂት ቅጽበት ጎማው መሬቱን ሳይጨብጥ ይቀራል፤ መሬት ያልጨበጠ ጎማ ደግሞ መሪንም ፍሬንንም አይታዘዝም። ትልቅ ቸርኬ ክብደቱን ከመሐል ወደ ዳር ስለሚያርቅ ለማሽከርከርም ለማቆምም ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2010 አንዱን ፎልክስዋገን ጎልፍ ከ15 እስከ 19 ኢንች በአምስት ዓይነት ቸርኬ እየቀያየረ ፈትኖት ነበር። ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲኬድ መኪናው ለመፍጠን 4 በመቶ ያህል ዘገየ፤ በነዳጅ ቆጣቢነቱም 10 በመቶ ያህል ከሰረ።

ታዲያ ጥቅም የለውም? አለው። ኩርባ ላይ መሪ ሲጠመዘዝ ረጅም ጎን ያለው ጎማ መጀመሪያ ራሱ ይጣመማል፤ መኪናው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። አጭር ጎን ያለው ወዲያው ይመልሳል። ነጂው «መሪው ሹል ነው» የሚለው ይህንን ነው። ለስላሳ አስፋልትና ለውድድር ሜዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በተሰነጣጠቀ መንገድ ላይ ግን ሹልነቱ ወደ መንቀጥቀጥ ይለወጣል። ረጅም ጎን ያለው ጎማ ከመንሸራተቱ በፊት በመለጠጥና በመጮህ ያስጠነቅቃል፤ አጭሩ ብዙ ይጨብጥና ሲለቅ ብዙ ጊዜ በድንገት ይለቃል። ይህን ቶዮታ በሚገባ ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የ86 ስፖርት መኪና በ17 ኢንች ቸርኬና በ215/45 ጎማ ቀረበ፤ ጎማው ነዳጅ ቆጣቢ በሆነው ፕሪየስ ላይም የሚገጠም ዓይነት ነበር። አንዳንዶች ይህን እንደ ስስት ቆጠሩት። ሐሳቡ ግን ነጂው በመካከለኛ ፍጥነት ላይ ሆኖ የመኪናውን መንሸራተት እንዲሰማና እንዲቆጣጠር ነበር። መኪናው ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ፎርሙላ 1 እንኳ ከዚህ አላመለጠም። ውድድሩ እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ድረስ በ13 ኢንች ቸርኬና በወፍራም ጎማ ሲካሄድ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 18 ኢንች ተሸጋገረ። ከውጭ ትንሽ የሚመስለው ለውጥ ለመሐንዲሶች ከባድ ነበር፤ ከዚያ በፊት ከመኪናው ልስላሴ ትልቁን ድርሻ ይዞ የኖረው የጎማው ጎን ነበርና። በዚያው ዓመት ከመኪናው ሥር በሚያልፈው አየር ምክንያት መኪናዎቹ ሲዘሉ ታዩ። የዝላዩ ዋና ምክንያት የአየሩ አሠራር ቢሆንም፣ ቀድሞ ምቱን ይውጥ የነበረው ወፍራም ጎማ በቦታው አልነበረም። በባኩ ውድድር አራተኛ የወጣው ሉዊስ ሃሚልተን ከመኪናው ሲወርድ ወገቡን ይዞ ታየ። ብዙም ሳይቆይ የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት አካል ዝላዩን እየለካ ገደብ አበጀለት።

ወደ ገበያው እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ የስፖርት መኪና የሚነዳው ሰው ጥቂት ነው። የስፖርት መኪና ቸርኬ የገጠመ የቤት መኪና የሚነዳው ግን ጥቂት አይደለም። የኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነበት እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ሰፍቷል፤ ባትሪ የተሸከመ መኪና ከባድ ነው፣ ቸርኬውም ብዙውን ጊዜ ትልቅ ነው። በከተማዋ በብዛት የሚታየው የፎልክስዋገን አይዲ 4 ባለ 20 ኢንቹ ዓይነት ከፊት 235፣ ከኋላ 255 ስፋት ያለው ጎማ ይጠቀማል። የፊቱንና የኋላውን ጎማ እያቀያየሩ እኩል ማስጨረስ አይቻልም ማለት ነው። ጉድጓድ ውስጥ የገባ አጭር ጎን ያለው ጎማ ከቸርኬው ጠርዝና ከጉድጓዱ አፍ መካከል ይቆነጠጣል። ውስጡ ያለው ክር ሲበጠስ ጎኑ ላይ እብጠት ይወጣል፤ ይህን ጎሚስታ አይጠግነውም። ጎማው ቢተርፍ ቸርኬው ይጣመማል።

ስለዚህ ቸርኬ የሚለውጥም ሆነ የሚሸጥ ሰው የሚያያቸው ነገሮች አሉ። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ከፋብሪካው ልክ ከ3 በመቶ በላይ ከራቀ የፍጥነት መቁጠሪያው ይሳሳታል። ከቁጥሩ ቀጥሎ የተጻፈው የጭነት ቁጥርም ከመጀመሪያው ማነስ የለበትም፤ ለምሳሌ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። ለምቾት ሲባል ቸርኬውን አንድ ኢንች ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ብልህነት ቢሆንም፣ ፍሬኑ በትንሹ ቸርኬ ውስጥ መዞር መቻሉ አስቀድሞ መለካት አለበት። ከመኪናው ጋር የመጣውን ቸርኬ ለደላላ አሳልፎ መስጠትም አይመከርም፤ መኪናው ተመልሶ ሲሸጥ ጠንቃቃ ገዢ የሚጠይቀው እሱን ነው።

በመጨረሻ የጎማው ዕድሜ አለ። የማይለመድ ልክ ያለው ጎማ በመጋዘን ብዙ ይቆያል፤ ጥርሱ አዲስ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ ከታተሙት ፊደላት መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዋጋ መቁረጥ የሚጀመረው ይህ ከተነበበ በኋላ ነው።