ከሞት የምስክር ወረቀት እስከ ካርታ፡- ከመጠን ያለፈ መድኃኒት የሚያደርሰው ሞት በአሜሪካ እንዴት ይመዘገባል?

መግቢያ

ከመጠን ያለፈ መድኃኒት ወይም ዕፅ በመውሰድ የሚደርስ መመረዝ፣ በተለምዶ ኦቨርዶዝ የሚባለው፣ በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ከዋና ዋና የሞት መንስኤዎች አንዱ ከሆነ ሰንብቷል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1999 በዚህ ምክንያት 16,849 ሰዎች ሲሞቱ፣ በ2022 ቁጥሩ 107,941 ደርሷል። በ2023 ወደ 105,007 ዝቅ ብሏል፤ በ2024 ደግሞ ወደ 80,000 ገደማ ወርዷል። በ2023 ከደረሰው ሞት ውስጥ በ72,776ቱ ከሜታዶን ሌላ የሆኑ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች፣ በተለይም ፌንታኒል፣ ድርሻ እንደነበራቸው ተመዝግቧል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህ አኃዞች ሲነበቡ የተራ ቆጠራ ውጤት ይመስላሉ። ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው ከአንድ ሰው ሞት ተነሥተው በአስከሬን መርማሪ፣ በላቦራቶሪ፣ በመዝገብ ቤትና በኮድ ሰጪ እጅ አልፈው የመጡ ናቸው። በጉዞው መካከል አንድ ቃል ሳይጻፍ ከቀረ በመጨረሻ የሚታየው ካርታ ያን ቃል ከየትም ሊያመጣው አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መረጃው የሚሰበሰብበትን ሥርዓት፣ ጥንካሬውንና ድክመቱን ለጤና ባለሙያዎች ማስረዳት ነው።

አንድ ሞት ቁጥር እስኪሆን

በአሜሪካ ድንገተኛ ወይም አጠራጣሪ ሞት ሲያጋጥም ጉዳዩ ለአስከሬን መርማሪ ሐኪም ወይም ኮሮነር ለሚባለው ሹም ይቀርባል። አሠራሩ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ሥራው በፎረንሲክ ፓቶሎጂ በሠለጠኑ ሐኪሞች የሚመራ ሲሆን፣ በሌሎች ግን ኮሮነሩ በሕዝብ የሚመረጥና የሕክምና ትምህርት የሌለው ሰው ሊሆን ይችላል። መርማሪው የሞቱን ሥፍራ ሁኔታ፣ የሟቹን የጤና ታሪክና የቶክሲኮሎጂ ምርመራ ውጤት አገናዝቦ የሞቱን ምክንያትና የሞቱን ዓይነት፣ ማለትም ሞቱ በአደጋ፣ ራስን በማጥፋት፣ በሰው እጅ ወይም ባልታወቀ ሁኔታ የደረሰ መሆኑን በምስክር ወረቀቱ ላይ ያሰፍራል።

ወረቀቱ በክፍለ ግዛቱ የወሳኝ ኩነቶች መዝገብ ቤት በኩል ወደ ብሔራዊ የጤና ስታቲስቲክስ ማዕከል ይላካል። በዚያም የተጻፈው ቃል በዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ 10ኛ ክለሳ መሠረት ወደ ኮድ ይለወጣል። አሜሪካ ይህን ክለሳ ለሞት መረጃ መጠቀም የጀመረችው በ1999 ነው። በአደጋ የደረሰ የመድኃኒት መመረዝ ከኤክስ40 እስከ ኤክስ44፣ ራስን ለማጥፋት የተደረገው ከኤክስ60 እስከ ኤክስ64፣ በሌላ ሰው ሆን ተብሎ የተፈጸመው ኤክስ85፣ ዓላማው ያልተለየው ደግሞ ከዋይ10 እስከ ዋይ14 ባሉት ኮዶች ይመደባል። ከእነዚህ ቀጥሎ መድኃኒቱን የሚለዩ ኮዶች ይጨመራሉ፤ ቲ40.1 ለሄሮይን፣ ቲ40.4 ከሜታዶን ሌላ ለሆኑ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶች፣ ቲ40.5 ለኮኬይን የተሰጡ ናቸው።

ኮዱ የማይናገረው

የኮዶቹን ወሰን ያላወቀ አንባቢ በቀላሉ ሊሳሳት ይችላል። ለምሳሌ ቲ40.4 ፌንታኒልን ብቻ ሳይሆን ትራማዶልንም ያቅፋል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የመድኃኒት ስም መልሶ በማንበብ ነው። ሄሮይንም በሰውነት ውስጥ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለወጥ፣ ሄሮይንን ለይቶ የሚያሳየው 6-ሞኖአሴቲልሞርፊን በምርመራ ካልተገኘ ወይም ካልተፈለገ፣ ሞቱ በሞርፊን የደረሰ ተብሎ በሐኪም ከሚታዘዙ መድኃኒቶች ጎራ ሊቆጠር ይችላል። ከዚህም ሌላ ፌንታኒልና ኮኬይን በአንድ ሰው ላይ ከተገኙ ሞቱ በሁለቱም ዓምዶች ስለሚገባ፣ የየመድኃኒቱ ቁጥር ሲደመር ከጠቅላላው የሟቾች ቁጥር ይበልጣል። ይህ የሒሳብ ስህተት ሳይሆን የአመዘጋገቡ ጠባይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ችግር ግን ስሙ ጨርሶ አለመጻፉ ነው። በምስክር ወረቀት ላይ «የፌንታኒልና የኮኬይን ጥምር መመረዝ» ብሎ መጻፍና «ከመጠን ያለፈ መድኃኒት» ብሎ ማለፍ ለሟቹ ቤተሰብ ልዩነት ላይኖረው ይችላል፤ ለኅብረተሰብ ጤና ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ሁለተኛው አገላለጽ ምንነቱ ያልታወቀ መድኃኒት በሚለው ኮድ ብቻ ስለሚመደብ፣ ሞቱ ከጠቅላላው ድምር ውስጥ ቢገባም ከየትኛውም የመድኃኒት ዓምድ ይጎድላል። ከ1999 እስከ 2013 ባሉት ዓመታት መድኃኒቱ በስም የተጠቀሰው ከ75 እስከ 79 በመቶ በሚሆኑት ሞቶች ላይ ብቻ ነበር። በ2014 ይህ ድርሻ 81 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 88 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት በኦፒዮይድ ሞት ላይ ከታየው ጭማሪ ከፊሉ የአመዘጋገብ መሻሻል ያመጣው መሆኑን ሳያገናዝቡ ዓመትን ከዓመት፣ ክፍለ ግዛትን ከክፍለ ግዛት ማወዳደር ወደ የተሳሳተ መደምደሚያ ያደርሳል።

ትክክለኛነትና ፍጥነት

የተሟላ መረጃ ጊዜ ይጠይቃል። የቶክሲኮሎጂ ውጤት ለመድረስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ዓመታዊው የመጨረሻ አኃዝ የሚታተመው ዓመቱ ካለቀ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ክፍተቱን ለማጥበብ የስታቲስቲክስ ማዕከሉ ከ2017 ወዲህ ጊዜያዊ ቁጥሮችን በየወሩ ያወጣል። እነዚህ ቁጥሮች ከሞቱ ቀን ጀምሮ የ4 ወራት ርቀት እንዲኖራቸው ተደርጎ የሚዘጋጁ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ወር ያለፉትን 12 ወራት ድምር ያሳያል። ምርመራቸው ያላለቀ ሞቶች ስለሚኖሩ የተመዘገበው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል፤ በመሆኑም ከጎኑ በስሌት የተስተካከለ ግምት ይቀመጣል። ሁለቱን ቀላቅሎ መጥቀስ፣ ወይም የቅርቡን ወር ዝቅተኛ ቁጥር እንደ መሻሻል መቁጠር ዘወትር የሚታይ ስህተት ነው።

4 ወር ለፖሊሲ አውጪ አጭር ጊዜ ሊሆን ይችላል። በዚህ ሳምንት በአንድ ሰፈር ለሚሸጥ ገዳይ ድብልቅ ግን እጅግ ረጅም ነው። ስለሆነም ፈጣን ግን ያልተጣሩ የመረጃ ምንጮች አስፈላጊ ሆነው ተገኝተዋል። የመጀመሪያው የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መረጃ ነው። ታካሚው ሲመጣ የተመዘገበው ዋና ቅሬታና የመጀመሪያው የምርመራ ኮድ ወደ ቅኝት ሥርዓቱ ስለሚተላለፉ፣ በአንድ አካባቢ ያልተለመደ ጭማሪ ሲኖር ቶሎ ይታያል። የሮድ አይላንድ ክፍለ ግዛት ከ2014 ጀምሮ ሆስፒታሎች የተጠረጠረ የኦፒዮይድ ኦቨርዶዝን በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ አድርጓል።

ሁለተኛው ኦዲማፕ የሚባለው የካርታ ሥርዓት ነው። ይህን በጥር 2017 ሥራ ላይ ያዋለው በዋሽንግተንና በባልቲሞር አካባቢ የዕፅ ዝውውርን ለመከላከል የተቋቋመው የፌዴራል መርሐ ግብር ነው። የአምቡላንስ ሠራተኛው ወይም ፖሊሱ በሥፍራው ሆኖ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ሰውየው መሞቱን ወይም መትረፉን እንዲሁም የተሰጠውን የናሎክሶን መጠን ይመዘግባል። በ24 ሰዓት ውስጥ የተመዘገበው ብዛት አስቀድሞ ከተወሰነው ጣሪያ ሲያልፍ ለጤና ቢሮዎችና ለጸጥታ አካላት ማስጠንቀቂያ ይላካል።

በባልቲሞር ከተማ ፔን ኖርዝ በተባለው ሰፈር ጁላይ 10 ቀን 2025 የደረሰው ክስተት የፈጣን መረጃን ጥቅም ያሳያል። በዚያን ቀን በሰዓታት ልዩነት 27 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ከሥፍራው የተሰበሰቡትን ናሙናዎች መርምሮ ከፌንታኒል ጋር የተቀላቀለ ኤን-ሜቲልክሎናዜፓም የተባለ የቤንዞዲያዜፒን ዝርያ አገኘ። ናሎክሶን የኦፒዮይድን ውጤት ይቀለብሳል እንጂ የቤንዞዲያዜፒንን አይቀለብስም። ስለዚህ ታካሚው መድኃኒቱ ከተሰጠው በኋላ መተንፈስ ቢጀምርም ሊነቃ አይችል ይሆናል፤ የአየር ቧንቧውን ክፍት አድርጎ እየተከታተሉ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። በክስተቱ ሞት አልተመዘገበም። በሞት የምስክር ወረቀት ላይ ብቻ የሚመሠረት ሥርዓት ቢሆን ኖሮ የ27ቱ ሰዎች ጉዳይ ከናካቴው ባልታየ ነበር።

ካርታ ሲነበብ

ካርታ ዓይንን በቀላሉ ስለሚስብ ከሠንጠረዥ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ቁጥርና ምጣኔ የተለያዩ ናቸው። ብዙ ሕዝብ ያለበት ካውንቲ ምንጊዜም ብዙ ሞት ስለሚኖረው ንጽጽሩ ከ100,000 ሰዎች በሚለው፣ በዕድሜ በተስተካከለ ምጣኔ መሆን ይገባዋል። ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሠንጠረዦች የሚያሳዩት ሞቱ የደረሰበትን ቦታ ሲሆን ሌሎች የሟቹን መኖሪያ ያሳያሉ። ትልቅ ሆስፒታል ያለበት ከተማ በመጀመሪያው አቆጣጠር ከእውነተኛው ይበልጥ የተጎዳ ሊመስል ይችላል። ሦስተኛ፣ የሟቾችን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል ከ10 በታች የሆኑ ቁጥሮች በይፋዊው የመረጃ ቋት አይገለጹም፤ ከ20 ባነሱ ሞቶች ላይ የተሰላ ምጣኔም አስተማማኝ እንዳልሆነ ይመለከታል። በካርታው ላይ ባዶ የሆነ ካውንቲ ችግር የሌለበት ነው ማለት አይደለም።

አራተኛ፣ ፈጣኑ ካርታ የሚያውቀው ጥሪ የተደረገለትን ብቻ ነው። የናሎክሶን የአፍንጫ መርጫ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲሸጥ ተፈቅዷል። በጓደኛው ወይም በቤተሰቡ እጅ ሕይወቱ የተረፈና ወደ ሆስፒታል ያልሄደ ሰው በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። በተጨማሪም ካርታውን ፖሊስ የሚያየው መሆኑ አንዳንዶች እርዳታ ከመጥራት እንዲቆጠቡ ሊያደርግ ይችላል የሚል ስጋት አለ። ስለሆነም የተመዘገበው ጉዳት መቀነስ ሁልጊዜ የጉዳቱን መቀነስ አያመለክትም።

በመዝገቡ ውስጥ የማይታዩ

በሞት የምስክር ወረቀት ላይ የሞቱን ምክንያት የሚጽፈው ሐኪሙ ወይም መርማሪው ሲሆን፣ የሟቹን ዘርና የትውልድ ቦታ የሚሞላው ግን የቀብር አስፈጻሚው ከቤተሰብ ጠይቆ ነው። በዚህ ምክንያት ነባር የአሜሪካ ሕዝቦች በስህተት በሌላ ዘር እንደሚመዘገቡ በጥናት ተረጋግጧል። ይህ ጉድለት እያለ እንኳ በ2023 የተመዘገበው የእነዚህ ሕዝቦች የሞት ምጣኔ ከ100,000 ሰዎች 65.0 ነበር፤ የመላው አገሪቱ 31.3 ነው።

ጉዳዩ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንም ይነካል። በአገሪቱ ትልቁ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የሚገኘው በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ነው። ከተማዋ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ዳሩ ግን ዘወትር በሚታተሙት የሞት ሠንጠረዦች ኢትዮጵያዊው የሚታየው «ጥቁር» በሚለው ጥቅል ዓምድ ውስጥ ነው። የትውልድ አገሩ በወረቀቱ ላይ ቢሰፍርም ተለይቶ ካልተተነተነ ከካርታው ላይ አይነበብም። ማኅበረሰቡ ጉዳዩን እንደ ነውር ቆጥሮ በሚደብቅበት ጊዜ ደግሞ ዝምታው እጥፍ ይሆናል። በዚያ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች በመዝገብ አለመታየትን ከችግሩ አለመኖር ጋር ሊያምታቱት አይገባም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ምንጮች አንዳቸው የሌላቸውን ቦታ አይተኩም። የሞት የምስክር ወረቀት ዘግይቶ፣ ነገር ግን ተጣርቶ ይመጣል፤ የድንገተኛ ክፍልና የአምቡላንስ መረጃ ፈጥኖ፣ ነገር ግን በጥርጣሬ ደረጃ ይደርሳል። የመጀመሪያው በጀትና ፖሊሲ ለማውጣት፣ ሁለተኛው ዛሬ ማታ ናሎክሶን ወደየትኛው ሰፈር መላክ እንዳለበት ለመወሰን ይጠቅማል።

የሁለቱም መነሻ የጤና ባለሙያው ብዕር ነው። መድኃኒቱን በስሙ መጻፍ፣ የቶክሲኮሎጂ ውጤት ሲደርስ ወረቀቱን ማሻሻል፣ በድንገተኛ ክፍል ዋናውን ቅሬታ በግልጽ መመዝገብ፣ የተሰጠውን የናሎክሶን መጠንና የታካሚውን ምላሽ ማስፈር ተራ የጽሕፈት ሥራ ሊመስሉ ይችላሉ። ይህ ለአሜሪካ ብቻ የሚነገር ምክር አይደለም። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባን በሕግ ደንግጋለች። መንስኤው ፌንታኒልም ይሁን ፀረ-ተባይ መርዝ፣ «መመረዝ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የመረዘውን ነገር ለይቶ መጻፍ ቀጣዩን ታካሚ ለማዳን የሚወሰድ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።