እግር ሲንቀሳቀስ አንጎል ምን ያተርፋል?

ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሚደርስ 120 ሰዎች ነበሩ። ጤነኞች ናቸው፤ ግን ስፖርት የማይሠሩ፣ ቀኑን አብዛኛውን ቁጭ ብለው የሚያሳልፉ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን በእግራቸው እንዲሄዱ ተደረገ፤ በመጀመሪያው ሳምንት 10 ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየተጨመረ በ7ኛው ሳምንት 40 ደቂቃ ደረሱ፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻም በዚያው ቀጠሉ። የቀሩት ደግሞ በእኩል ጊዜ እየተሰበሰቡ ሰውነት ሲያፍታቱ፣ ቀለል ያለ ክብደት ሲያነሱና የሚዛን ልምምድ ሲሠሩ ከረሙ። ዓመቱ ሲሞላ የሁሉም አንጎል በኤምአርአይ ታየ። ሰውነት ሲያፍታቱ በከረሙት ላይ ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል 1.4 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በተራማጆቹ ላይ ግን 2 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ።

ሂፖካምፐስ አዲስ ነገር በትውስታ የሚያዝበት ክፍል ነው። ትናንት ማታ ማን መጥቶ እንደነበር፣ መድኃኒቱን ጠዋት መዋጥ አለመዋጣችንን የምናስታውሰው በእሱ ነው። አልዛይመር ቀድሞ ከሚያጠቃቸው ክፍሎች አንዱም እሱ ነው። ምንም በሽታ በሌለበት ሰው እንኳ በእርጅና ዘመን በየዓመቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ በ2011 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ኪርክ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ ውጤቱን ሲያሳትሙ የዓለም ጋዜጦች ቢቀባበሉት አያስገርምም።

ጋዜጦቹ ብዙም ያላነሱት አንድ ነገር ግን አለ። ተራማጆቹ በማስታወስ ፈተና ከሌላው ቡድን አልበለጡም። ሁለቱም ተሻሽለው ነበር። ከተራማጆቹ መካከል ሂፖካምፐሳቸው ይበልጥ የጨመረላቸው ይበልጥ ማስታወሳቸው እውነት ነው፤ ቡድን ከቡድን ሲነጻጸር ግን ልዩነት አልታየም። የዚህ ምርምር ዘርፍ ታሪክ በሙሉ በዚህ አንድ ጥናት ውስጥ አለ ማለት ይቻላል፦ ተስፋው እውነተኛ ነው፣ የሚነገርለት ያህል ግን አይደለም።

ጥያቄው የተነሣው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በ1975 ዋኒን ስፒርዱሶ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ለዓመታት በራኬት የሚጫወቱ በዕድሜ የገፉ ወንዶችን ከማይጫወቱ እኩዮቻቸውና ከወጣቶች ጋር አወዳደረች። ምልክት ሲታያቸው ምን ያህል ፈጥነው ምላሽ እንደሚሰጡ ስትለካ፣ ተጫዋቾቹ አዛውንቶች ከእኩዮቻቸው ይልቅ ለወጣቶቹ ቀርበው ተገኙ። ሆኖም ድሮውንም ቀልጣፋ የሆነ ሰው ይሆናል ስፖርት የሚወደው የሚለውን ጥያቄ እንዲህ ያለ ንጽጽር አይፈታውም። መልስ ለማግኘት ሰዎችን በዕጣ መመደብ ያስፈልጋል። ያንን በ1999 አርተር ክሬመር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አደረገው። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 75 የሆነ 124 ሰዎች ለስድስት ወር ወይ ተራመዱ፣ ወይ ሰውነታቸውን አፍታቱ። ተራማጆቹ የተሻሻሉት በሁሉም ፈተና አልነበረም። የተሻሻሉት ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ መቀየርን፣ የሚረብሽን ነገር ችላ ማለትን፣ የጀመሩትን በጊዜ መግታትን በሚጠይቁት ነው። እነዚህ በግንባራችን በኩል ያለው የአንጎል ክፍል የሚመራቸው፣ እርጅና ቀድሞ የሚሸረሽራቸው ችሎታዎች ናቸው። መኪና በሚበዛበት መንገድ የሚሻገር አረጋዊ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

እግር ያደረገው አንጎል ጋ እንዴት ይደርሳል? ከመልሱ ብዙው የመጣው ከአይጦች ነው። በካሊፎርኒያ የሶልክ ተቋም ሄንሪየት ቫን ፕራግና ፍሬድ ጌጅ በአይጦች ጎጆ ውስጥ የሚሽከረከር መሮጫ አስገቡ። አይጦቹ ማንም ሳያስገድዳቸው ሮጡ፤ በሂፖካምፐሳቸውም ካልሮጡት ይልቅ ብዙ አዳዲስ የነርቭ ሴሎች ተገኙ። በሰው ላይ ግን ይህ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ2018 አንድ የምርምር ቡድን በአዋቂ ሰው ሂፖካምፐስ አዲስ ሴል አላገኘሁም ሲል፣ ሌላው በዚያው ዓመት እስከ እርጅና ድረስ ይፈጠራል ብሎ አሳተመ። ብዙ የሚወራለት ሌላው ነገር ቢዲኤንኤፍ የተባለው ፕሮቲን ነው። በ1982 ከአሳማ አንጎል ተለይቶ ወጣ። የነርቭ ሴሎችን በሕይወት የሚያቆይና ግንኙነታቸውን የሚያጠናክር ነው። በ1995 ደግሞ የሚሮጡ አይጦች አንጎል ውስጥ እንደሚጨምር ታወቀ።

ከሁሉም የገረመኝ ግን በ2020 ከሳን ፍራንሲስኮ የወጣው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ሲሮጡ ከከረሙ ያረጁ አይጦች የደም ፕላዝማ ወስደው ቁጭ ብለው ለኖሩ ያረጁ አይጦች ሰጧቸው። ተቀባዮቹ አንድ እርምጃ ሳይሮጡ በማስታወስ ፈተና ተሻሻሉ። በደሙ ውስጥ ሥራውን ከሚሠሩት አንዱ ጉበት የሚያመነጨው ጂፒኤልዲ1 የተባለ ኢንዛይም ሆኖ ተገኘ። ይህ ኢንዛይም ራሱ ወደ አንጎል እምብዛም አይገባም። ጡንቻ ሲሠራ ጉበት፣ ደምና የደም ሥር ሁሉ አብረው ይለወጣሉ ማለት ነው።

በእኔ ግምት እጅግ አስተማማኙ መንገድ የደም ሥር ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ከምንጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ደም ግፊትና ስኳር ወደ አንጎል የሚገቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ለዓመታት ድምፅ ሳያሰሙ ይጎዳሉ። ስትሮክ ባይመጣ እንኳ የአንጎልን ክፍሎች የሚያገናኙት ገመዶች ይሳሳሉ፣ ሰውየው ቀስ ይላል፣ ማቀድ ያቅተዋል። በ2019 ይፋ የሆነ ትልቅ የአሜሪካ ሙከራ የላይኛውን የደም ግፊት ቁጥር ከ140 በታች ከማድረግ ይልቅ ከ120 በታች ማውረድ መጠነኛ የአእምሮ መዳከምን እንደሚቀንስ አሳይቷል። መደበኛ እንቅስቃሴ ግፊትንም ስኳርንም ያወርዳል፤ ለአንጎል የሚያደርገው ሌላ ምንም ባይኖር ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነበር።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ። ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች የሚንቀሳቀስ ሰው የመርሳት በሽታ ያንሰዋል ይላሉ፤ በዕጣ የተመደቡ ትልልቅ ሙከራዎች ግን ብዙ ጊዜ ይህን አያረጋግጡም። ላይፍ በተባለው የአሜሪካ ሙከራ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 89 የሆነ 1,635 ሰዎች ለሁለት ዓመት ያህል ወይ እንቅስቃሴ ሠሩ፣ ወይ የጤና ትምህርት ተከታተሉ። በ2015 በወጣው ውጤት በአስተሳሰብ ችሎታ በጥቅሉ ልዩነት አልነበረም። በ2018 በእንግሊዝ በሽታው አስቀድሞ በያዛቸው 494 ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል፤ ጠንከር ያለው ስፖርት የአካል ብቃታቸውን ቢጨምርም የአእምሮአቸውን መዳከም አላዘገየም። ለታማሚ ቤተሰብ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል። እናቱ የረሳችው በበቂ ስላላራመዳት እንደሆነ አድርጎ ራሱን የሚወቅስ ልጅ እንዳይኖር።

ልዩነቱ ከየት መጣ? አንዱ መልስ ከለንደን የመንግሥት ሠራተኞች ጥናት ይገኛል። ከ10,000 በላይ ሰዎች ከጉልምስና ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። በሽታው የያዛቸው ሰዎች ሐኪም ከማወቁ 9 ዓመት ያህል አስቀድሞ እንቅስቃሴያቸው መቀነስ ጀምሮ ነበር። አንድ ሰው በ70 ዓመቱ ከቤት መውጣት ቢተው፣ በ75 ዓመቱ ቢታመም፣ መቀመጡ አሳመመው እንላለን፤ ሕመሙ አስቀምጦት ሊሆን ግን ይችላል። በሌላ በኩል የስዊድኗ ጎተንበርግ ጥናት አለ። በ1968 መካከለኛ ዕድሜ ላይ የነበሩ 191 ሴቶች አቅማቸው እስኪያልቅ ብስክሌት እየመቱ ብቃታቸው ተለካ፣ ከዚያ ለ44 ዓመት ክትትል ተደረገ። ብቃታቸው ዝቅተኛ ከነበረው 32 በመቶ፣ ከፍተኛ ከነበረው 5 በመቶ ብቻ የመርሳት በሽታ ያዛቸው። አስደናቂ ቁጥር ነው። ነገር ግን ከፍተኛ ብቃት የነበራቸው 40 ሴቶች ብቻ ስለሆኑ 5 በመቶ ማለት ሁለት ሰው ነው። አቅጣጫውን እቀበላለሁ፣ መጠኑን ግን አላምነውም።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የምረዳው ዋናው ጊዜ ጉልምስና መሆኑን ነው። በ40ና በ50 ዓመት ልብንና የደም ሥርን የጠበቀ ሰው ለ80 ዓመቱ ያስቀምጣል። በ75 ዓመት መጀመርም ዋጋ አለው፤ እንዳይወድቁ፣ ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ፣ እንቅልፋቸውና መንፈሳቸው እንዲስተካከል ይረዳል። የሁለት ዓመት እግር ጉዞ የሠላሳ ዓመት ደም ግፊትን ይሰርዛል ብሎ መጠበቅ ግን ልክ አይደለም።

ብቻውን ካልበቃ ከሌላው ጋር ቢጣመርስ? ፊንላንድ ውስጥ በሚያ ኪቪፔልቶ የተመራው ፊንገር የተባለ ሙከራ 1,260 ሰዎችን ይዞ እንቅስቃሴን ከአመጋገብ፣ ከአእምሮ ልምምድና ከግፊት ክትትል ጋር አዋሐደ። በ2015 የተሻለ ውጤት አሳየ። በ2025 የወጣው የአሜሪካው ፖይንተር በ2,111 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። በእነዚህ ውስጥ የእግር ጉዞው ድርሻ ብቻውን ስንት እንደሆነ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ከመርሳት በሽታ 45 በመቶው በ14 ምክንያቶች ላይ በመሥራት ሊከለከል ወይም ሊዘገይ ይችላል ሲል ለእንቅስቃሴ ማነስ የሰጠው 2 በመቶ ብቻ ነው፤ ለመስማት ችግር ደግሞ 7 በመቶ። ይህን ቁጥር አይቶ እንቅስቃሴን መናቅ ስህተት ይመስለኛል። ግፊት፣ ስኳር፣ ውፍረትና ድባቴ ለየብቻ ተቆጥረዋል፣ አለመንቀሳቀስ ግን በአራቱም ውስጥ እጁ አለበት።

ከባድ የጉልበት ሥራስ? እዚህ ላይ የሀገራችን አንባቢ ቀድሞ የሚያስበው ገበሬውን ነው። በቦሊቪያ ደን ውስጥ እያረሱ፣ እያደኑና ዓሣ እያጠመዱ የሚኖሩት ፂማኔዎች አንጎላቸው በዕድሜ የሚቀንሰው ከአውሮፓና ከአሜሪካ ሰዎች በጣም በዝግታ እንደሆነ በ2021 ታውቋል። በኮፐንሃገን ወንድ ሠራተኞችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናት ግን ተቃራኒውን አገኘ፤ ሥራቸው ከባድ ጉልበት የሚጠይቅ ሰዎች የመርሳት በሽታ ይበዛባቸው ነበር። ሲሚንቶ ሲሸከም የሚውል ሰው እረፍቱን አይመርጥም፣ ልቡም ሲደክመው አይቆምም። በራስ ፍጥነት፣ በራስ ፈቃድ የሚደረግ እንቅስቃሴና ግዳጅ የሆነ ሸክም ለሰውነት አንድ አይደሉም።

ከሀገር የወጣው ወገናችን ሌላ ነገር ያሳየናል። በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ስኳር በሽታ እምብዛም አልነበረባቸውም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በመካከላቸው በፍጥነት ተስፋፋ። ምግቡ ተለወጠ፣ እግርም ሥራ ፈታ። በዋሽንግተን ዙሪያ የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የሄዱ እናቶችና አባቶችን ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። አዲስ አበባ ሳሉ በማለዳ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው፣ ሰግደው፣ በገበያ በኩል የሚመለሱት እማማ፣ እዚያ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፣ ቋንቋው አይገባቸውም፣ ክረምቱ በረዶ ነው። እሑድ ልጃቸው መኪናውን እስኪያስነሣ ይጠብቃሉ። መንቀሳቀሱም፣ ሰው ማግኘቱም፣ መንገድ ማስታወሱም በአንድ ጊዜ ቀረባቸው።

ስለ መጠኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ለአዋቂዎች ያስቀመጠው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው፤ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅ ልምምድ ሦስት ቀን ይጨመርበታል። መካከለኛ ማለት እየሄዱ ማውራት የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። ክብደት ማንሳት የወጣት ብቻ አይደለም፤ ቫንኩቨር ውስጥ ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 75 የሆነ 155 ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለአንድ ዓመት ክብደት ያነሡት ትኩረት በሚለካው ፈተና ተሻሽለዋል። 10,000 እርምጃ ካልሞላሁ ብሎ የሚተውም አለ። ከ78,000 በላይ እንግሊዛውያንን በእጃቸው ባሰሩት መለኪያ የተከታተለ ጥናት በቀን 3,800 እርምጃ ገደማ የሚሄዱትም ጭምር የመርሳት በሽታ በ25 በመቶ አንሶባቸው አግኝቷል። ይህም እንደ ለንደኑ ጥናት ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለም፤ ያም ሆኖ ለእማማ ግማሽ ሰዓት ያህል ሰፈሩን አብሯቸው የሚዞር ሰው ከተገኘ፣ 3,800 እርምጃ የሚደረስበት ነው።