በአፍ ውስጥ በድንገት ስለሚወጣ ደም የቋጠረ እብጠት

በወግዲ ገበያ ቆሎ ሲቆረጥም ወይም ትኩስ ወጥ ሲበላ የቆየ አንድ ጎልማሳ በድንገት ላንቃውን ወጋ አድርጎት፥ በምላሱ ቢዳስሰው እብጠት አገኘ እንበል። ጥቂት ቆይቶ ይፈርጥና አፉን ደም ይሞላዋል። ቤተ ሰቡ ይደነግጣል፤ አንዱ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል፥ ሌላው እንጥሉ ወርዷል ብሎ ቆራጭ ያስጠራል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የነገሩን ምንነትና ሊደረግ የሚገባውን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ይህን ሕመም ባድሃም የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 «አንጃይና ቡሎሳ ሄሞራጂካ» ሲል ሰይሞታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በጎልማሶችና በአረጋውያን ላይ ሲሆን፥ የሚወጣውም ለስላሳ በሆነው የላንቃ ክፍል ነው። ትኩስ ወይም ደረቅ ምግብ ስሱን ሽፋን ሲጎዳው ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይደማሉ፤ ደሙም እዚያው ይቋጠራል። የሰውየው ደም የመርጋት ኃይል ግን ጤናማ ነው። እብጠቱ በራሱ ይፈርጣል፤ ቁስሉም ከ7 እስከ 10 ባሉት ቀኖች ውስጥ ጠባሳ ሳይተው ይድናል።

ስለዚህ ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ፥ በርበሬና ትኩስ ነገር ለጊዜው መተው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን እብጠቱ ወደ ጉሮሮ አድጎ መተንፈስን ካስቸገረ ጊዜ አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ ሐኪሙም በንጹሕ መርፌ ወግቶ ያፈስሰዋል።

ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን እዚህ ላይ ነው። ደምን የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ሲያንሱም ይኸው ምልክት ይታያል። ጤናማ መጠናቸው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሥራ ወርዶ የተመለሰ ሰው ካላዛር ወይም ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም፥ የደም ካንሰርም ጭምር፥ ፕሌትሌትን ያሳንሳሉ። ከወራጅ ውሃ የጠጣ ሰው ጉሮሮ ላይ የተጣበቀ አልቅትም እብጠት ሊመስል ይችላል።

እንግዲህ እብጠቱ ከበዛ፥ ወይም ነስር፥ ትኩሳት፥ በቆዳ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ፥ በሽተኛው ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ሄዶ ደሙን ያስመርምር። ፕሌትሌቱ ባነሰ ሰው እንጥል ላይ ምላጭ ማሳረፍ የማይቆም ደም ማፍሰስ ነውና፥ ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንመለስ ለወላጆቻችን አስቀድመን ልንነግራቸው የሚገባን ይህንኑ ነው።