የእግር ወለምታ በግሸን ጎዳና

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ተረት በአገራችን ሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው። አበው በዚህ ተረት ሊያስተምሩን የፈለጉት የአንደበትን ጥንቃቄ እንጂ ሕክምናን አልነበረም፤ ሆኖም ሳያስቡት አንድ የሕክምና ልማድ አብረው ነግረውናል፤ ይኸውም የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል የሚለው ነው። እግሩን ወለም ያለው ሰው ወዲያው ቁርጭምጭሚቱን በቅቤ ያሳሻል፤ ያስጎትታል፤ አጥብቆ ያሳስራል፤ ከዚያም መንገዱን ይቀጥላል። በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለዚሁ ጉዳይ ሲሆን፣ ይልቁንም የምናስበው ለበዓል ወይም ለስእለት ከቤቱ ርቆ ሄዶ በተራራ ላይ ሳለ እግሩ የሚጎዳውን መንገደኛ ነው።

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል፣ በግሸን ደብረ ከርቤ የሚከበረው የማርያም ንግሥ ብዙ ሺህ ሕዝብ ይሰበስባል። እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የጌታ ግማደ መስቀል በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ያረፈው በዚህ የመስቀል ቅርጽ ባለው አምባ ላይ ነው። አምባው ዙሪያውን ገደል ስለ ሆነ፣ እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ድረስ ነገሥታቱ ለዙፋን የሚያሰጉ መሳፍንትን ያስጠብቁበት እንደ ነበር ታሪክ ይነግረናል። ቦታው ለዚህ የተመረጠው በእግር በቀላሉ የማይወረድ በመሆኑ ነው፤ የዛሬው ተሳላሚ ይህን ቢያስታውስ አይጎዳም።

ከአዲስ አበባ የሚነሣው ተሳላሚ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተቀምጦ ይመጣል። በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በከሚሴ አልፎ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ከዚያም 25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ውስጥ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳላት ወደ ደሴ ይገባል። ቀኑን ሙሉ እግሩ ተንጠልጥሎ ስለ ዋለ አብጧል፤ ጉልበቱ ደንዝዟል፤ ሌሊቱንም በቂ እንቅልፍ አያገኝም። በማግሥቱ ወደ ግሸን ይቀጥላል። ዛሬ የመኪና መንገዱ ከቀድሞው ይልቅ ቢቀርብም ብዙ ሰው አሁንም በእግሩ ይወጣል፤ በእግሩም ይወርዳል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለ ሆነ ጭቃው አልደረቀም፤ ድንጋዩም በሕዝብ እግር ብዛት ተልጓል። የመውሊድን በዓል ለማክበር ወደ ጀማ ንጉሥ የሚሄደው ሙስሊም ወገናችንም ከዚህ ብዙ የማይለይ መንገድ ይጠብቀዋል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምንለው ለሁለቱም ነው።

አደጋው የሚበዛው ሰው እንደሚያስበው በዳገቱ ላይ ሳይሆን በቁልቁለቱ ላይ ነው። ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ዐይኑ ከመሬት አይነሣም፤ እርምጃውም አጭር ነው። የሚወርደው ግን ስእለቱን አድርሶ፣ ጠበሉን ጠጥቶ፣ ልቡ ረክቶ፣ ጉልበቱ ግን ዝሎ ነው። ባትና ጭን ሲደክሙ እግር በሚረግጥበት ጊዜ ሚዛኑን የሚጠብቅለት ያጣል። በዚህ ጊዜ የውስጥ እግሩ ወደ ውስጥ ይገለበጥና በውጭ በኩል ቁርጭምጭሚቱን ከእግሩ አጥንቶች ጋር አያይዘው የያዙት ጅማቶች ከልክ በላይ ይለጠጣሉ ወይም ይበጠሳሉ። ወለምታ የምንለው ይህ ነው። አጥንት ከቦታው ወጥቶ ከሆነ ውልቃት፣ ተሰንጥቆ ወይም ተለያይቶ ከሆነ ስብራት ይባላል። ሦስቱም ያሳምማሉ፤ ሦስቱም ያሳብጣሉ፤ ስለዚህም ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ስም ይጠራል።

እንግዲህ እግሩ የተጎዳ ሰው አስቀድሞ ማድረግ የሚገባው መቆም ነው። ይህ ቀላል ምክር ይመስላል፤ ነገር ግን በግሸን ጎዳና ላይ ከዚህ የሚከብድ ምክር የለም። ስእለት ያለበት ሰው ጉዳቱን ከባልንጀሮቹ ይደብቃል፤ «ለእርሷ ብዬ መጥቼ በመንገድ ልቅር?» እያለ ጥርሱን ነክሶ ይሄዳል። በእኛ አስተያየት በዚህ ጊዜ ኃላፊነቱ የባልንጀሮቹ ነው። አረጋዊት እናት ሲያነክሱ ያየ ወጣት «እማማ፣ እባክዎ እዚህ ድንጋይ ላይ ዐረፍ ይበሉ፣ እግርዎን ልየው» ቢላቸው አይቀየሙትም። ያለ ጫማ ማራቶን ሮጦ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮማ ላይ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ እንኳ በ1968 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ ከተማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሮጠ በኋላ በእግሩ ጉዳት ምክንያት አቋርጦ ወጥቷል፤ ሩጫውንም ማሞ ወልዴ ፈጽሞ ወርቁን ለኢትዮጵያ አምጥቷል። አበበን ስለዚህ ፈሪ ያለው ሰው ሰምተን አናውቅም።

ከተቀመጡ በኋላ ጫማው ቀስ ብሎ ይፈታ፤ እግሩም ይመርመር። ወለምታውን ከስብራት ለመለየት የሚረዳ አንድ ጠቃሚ ዘዴ በካናዳ አገር በኦታዋ ከተማ የሚሠሩ ሐኪሞች በ1992 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል፤ ዛሬ በብዙ አገር ሐኪም ቤቶች ይሠራበታል። ዘዴው መሣሪያ አይጠይቅም። የቁርጭምጭሚቱን ሁለት ጉብታዎች፣ የውጪውንና የውስጡን፣ ከጫፋቸው ጀምሮ በኋላ ጠርዛቸው በኩል 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ አጥንቱን በጣት ይጫኑ። ቀጥሎ በውጭ በኩል በእግሩ መካከል ከትንሿ ጣት መነሻ ወደ ኋላ ያለውን ጉብታ፣ እንዲሁም በውስጥ በኩል ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ያለውን አጥንት ይጫኑ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ አጥንቱ ራሱ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ሰውየው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ ለመራመድ ካልቻለ፣ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ራጅ መነሣት አለበት። ሕመሙ ለስላሳው ሥጋ ላይ ብቻ ሆኖ አራት እርምጃ ከተራመደ ስብራት የመኖሩ ነገር እጅግ አነስተኛ ነው። ነገር ግን የስኳር በሽታ ኖሮበት እግሩ የደነዘዘ ሰው፣ ወይም መጠጥ የጠጣ ሰው፣ ሕመሙን በትክክል ስለማይናገር በዚህ ዘዴ አይታመንም። እግሩ ቅርጹን ለውጦ የተጣመመ፣ ወይም አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ የወጣ ከሆነ ደግሞ መጫንም ማስራመድም አያስፈልግም፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ወደ ቅቤው እንመለስ። ቅቤው ራሱ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ያለው በማሸቱ ላይ ነው። ጅማት ሲበጠስ አብረውት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይበጠሳሉ፤ ደሙም በቆዳ ሥር ይፈስሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በኃይል ማሸት፣ መጎተት፣ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ይህን ደም ይጨምረዋል፤ እብጠቱንም ያባብሰዋል። በምትኩ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማኖር፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱም መድገም ሕመሙን ያስታግሣል። በረዶ የሚገኝ ከሆነ በጨርቅ ተጠቅልሎ እንጂ ባዶውን ቆዳ ላይ አይቀመጥ። ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ የሚለውን ምክር በ1978 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ ከብዙ ዓመት በኋላ በረዶ ማብዛት ቁስሉ እንዳይድን ሊያዘገይ ይችላል ብሎ ሐሳቡን አሻሽሏል፤ ስለዚህ ቅዝቃዜው ለሕመም ማስታገሻ እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚደረግ አይደለም።

ለማሰሪያ የሚሆን ነገር ከተሳላሚ ዘንድ አይጠፋም። የሴቶች መቀነት ወይም በርዝመቱ የታጠፈ ነጠላ ከጣቶቹ ሥር ተጀምሮ፣ ተረከዙን አልፎ፣ በቁርጭምጭሚቱ ላይ እየተመሳቀለ ቢጠመጠም ጥሩ ድጋፍ ይሆናል። ጣቶቹ ግን መታየት አለባቸው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ይተኛና እግሩ በስልቻ ወይም በጓዝ ላይ ከልቡ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ስብራት የሚያጠራጥር ከሆነ ጋቢ ደጋግሞ አጥፎ እግሩን ከባቱ እስከ ውስጥ እግሩ እንደ ትራስ መጠቅለልና ከላይ፣ ከመካከልና ከታች በላላ ማሰር ይበቃል፤ እንጨት መፈለግ አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን በቀርከሃ ወይም በእንጨት ስብርባሪ አጥብቆ ማሰር ነው። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ሐኪም ቤት በሌለበት ዘመን ብዙ ሰው አስነሥቶ አስሂዷል፤ እኛም ስሙን ለማጉደፍ አልተነሣንም። ሆኖም የተጎዳ እግር የሚያብጠው ወዲያው ብቻ ሳይሆን እስከ ሁለት ሦስት ቀን ድረስ ነው። ጠዋት ልክ ሆኖ የታሰረው ቀርከሃ ማታ ጠባብ ይሆናል። እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ በመጀመሪያ ደም መመለስ፣ በኋላም ደም መድረስ ይከለከላል። ሥጋ ያለ ደም ስድስት ሰዓት ያህል ከቆየ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል፤ ከዚያ በኋላ እግሩ ይጠቁራል፤ ይሸታል፤ የሰውየውን ሕይወት ለማትረፍም ይቆረጣል። በአንድ ወለምታ ምክንያት ሙሉ እግር ማጣት ማለት ይህ ነው፤ ከሚቆረጡትም ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች መሆናቸው ያሳዝናል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኢትዮጵያ ሐኪም ጥናት እንዳሳየው ወጌሾች ስለ ማሰሪያ አደጋ ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ በዚሁ ምክንያት የሚቆረጠው እግርና እጅ ቁጥር ቀንሷል። ይህ ወጌሻውን ከማሳደድ ይልቅ ማስተማር እንደሚሻል ያስረዳል።

ስለዚህ እግሩ የታሰረለት ሰው፣ በማንም እጅ ይታሰር፣ በየሰዓቱ ጣቶቹን ይመልከት። የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጭኖ ሲለቀው የነጣው በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልሶ ሊቀላ ይገባዋል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከነጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ጉንዳን እንደሚሄድባቸው ከሆኑ፣ ይልቁንም ሰው ጣቱን ቀና ሲያደርግለት ሊታገሡት የማይቻል ሕመም ከተሰማው፣ ሌሊትም ቢሆን ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ሙሉ በሙሉ ይፈታ። «ወጌሻው እስከ ሰባት ቀን እንዳይፈታ ብሏል» የሚል ቃል በዚህ ጊዜ አይሰማ። ከተፈታ በኋላ ሕመሙ ካልቀነሰ አንድም ሰዓት ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ከአምባው ማውረድ ራሱ ሥራ ነው። የወሎ ሰው በዚህ የታደለ ነው፤ በሌላ አገር ዕድር የሚባለው በእኛ ዘንድ ቅሬ ይባላል፤ በገጠር የቅሬው ሰዎች በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ማድረስን ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ግዴታ አድርገው ያዩታል። ቃሬዛ ከሌለ ሁለት ጠንካራ ዱላና አንድ ጋቢ ያበጁታል። በቁልቁለት ላይ የተሸከሙት ሰው እግሩ ወደ ፊት፣ ራሱ ወደ ኋላ ይሁን፤ ተሸካሚዎቹም ቶሎ ቶሎ ይለዋወጡ። በጀርባ አዝሎ ለመውረድ የሚሞክር ጎረምሳ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ በሽተኛ ይሆናል። በበዓሉ ሰሞን የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች ካሉ ለእነርሱ ማስታወቅ ይገባል፤ የማኅበሩም የአምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ራጅ ለመነሣትና በጀሶ ለመታሰር መንገደኛው እስከ አዲስ አበባ መታገሥ የለበትም፤ የደሴ ሆስፒታል በመንገዱ ላይ ነው። ቆዳው የተቀደደበት ሰው፣ በተለይም በባዶ እግሩ ጭቃ የረገጠ፣ ቁስሉን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ መርፌ እንደሚያስፈልገው ይጠይቅ።

ስብራት የለም ተብሎ ወደ አገሩ የሚመለሰው በአውቶቡስ ውስጥ እግሩን በጓዝ ላይ ከፍ አድርጎ ይቀመጥ፤ በየጊዜውም ጣቶቹን ያንቀሳቅስ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በልኩ ይበቃል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ እግሩን ጨርሶ ማሳረፍ አይጠቅምም፤ ከዚህ ወዲያ ቀስ ያለ ማሸት፣ ከፈለገም በቅቤ፣ አይከለከልም። ቀላል ወለምታ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት፣ ጅማት የተበጠሰበት ግን ሁለትና ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ተቀምጦ በአውራ ጣት ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በአየር ላይ መጻፍ ቁርጭምጭሚቱን በየአቅጣጫው ያፍታታዋል፤ ያልተማረ ሽማግሌም የልጅ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ አብሮ ቢጽፍ ሁለት ትርፍ ያገኛል። ሕመሙ ሲቀንስ የበሩን መቃን ይዞ በተጎዳው እግር ብቻ ለግማሽ ደቂቃ መቆም፣ በቀን ጥቂት ጊዜም መድገም ይገባል። አንድ ጊዜ ወለም ያለው እግር እንደ ገና ለመገልበጥ ይቀርባልና ይህን ልምምድ ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ እስከ ስድስት ሳምንት መቀጠል ይሻላል፤ በሚመጣው መስከረም ለመሳለም ያሰበ ሰውም ለመንገዱ ከሥሩ ጥርስ ያለው፣ ተረከዙን አጥብቆ የሚይዝ ጫማና አንድ ጠንካራ ምርኩዝ ከወዲሁ ያዘጋጅ።