ካሶኒው ስንት ጫማ ነው?

ዲሴምበር ሲጋመስ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ የታክስ ቢሮ ያላቸው ኢትዮጵያውያን ስልካቸው በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጨናነቃል። ደዋዩ ቤት አዳሽ፣ የጽዳት ድርጅት ባለቤት ወይም ለሠርግና ለክርስትና ምግብ የሚያቀርብ ሰው ነው። ዓመቱ ቀንቶታል፤ ኤፕሪል ላይ የሚከፍለው ታክስ ግን አሳስቦታል። ጓደኛው ቡና ላይ «በኤል ኤል ሲህ ስም ከባድ ፒክአፕ ግዛ፤ ሙሉውን ራይት ኦፍ ታደርገዋለህ» ብሎታል። ብዙ ጊዜ የሚደውለው ዲለሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነው፤ የሻጩ ድምፅ ከኋላ ይሰማል።

ጓደኛው አልዋሸም። በአሜሪካ ሕግ ለሥራ የተገዛ መኪና ዋጋ በዓመታት ተከፋፍሎ፣ በእርጅና ቅናሽ መልክ ከገቢ ላይ ይቀነሳል። ሴክሽን 179 የሚባለው አንቀጽ ደግሞ ጥበቃውን አስቀርቶ ዋጋው በመጀመሪያው ዓመት እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ለተራ የቤት መኪና ግን ጣሪያ ተበጅቶለታል፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ሥራ ለጀመረ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ከ20,200 ዶላር በላይ መቀነስ አይቻልም። ጣሪያው የሚነሳው መኪናው ከነጭነቱ እንዲመዝን የተፈቀደለት ክብደት ከ6,000 ፓውንድ ሲያልፍ ነው። በእኛ 27 ኩንታል ገደማ መሆኑ ነው። ቁጥሩ ያለው በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ዲለር ግቢ ውስጥ በር ከፍቶ አጎንብሶ የሚያነብ ሰው ያየ፣ ሰውየው ምን እንደሚፈልግ አወቀ ማለት ነው።

ይህ የክብደት መስመር የተሰመረው በ1984 ነው። ኮንግረስ ያን ጊዜ ያነጣጠረው በድርጅት ስም የቅንጦት መኪና በሚነዱት ላይ ነበር። የገበሬውና የግንበኛው ከባድ መኪና አብሮ እንዳይመታ ሲባል 6,000 ፓውንድ ተቀመጠ። የዚያን ጊዜ አብዛኛው የቅንጦት መኪና ከዚህ ክብደት በታች ነበር፤ ኋላ ግን ኤስ ዩ ቪ የሚባለው ዘር መጣና እየወፈረ መስመሩን ተሻገረ። በ2003 የሴክሽን 179 ጣሪያ ከ25,000 ወደ 100,000 ዶላር ሲያድግ ሐመር የምታህል መኪና ለሐኪሙም ለጠበቃውም «የሥራ መሣሪያ» ሆነችለት። ጩኸት ተነሣ። በኦክቶበር 2004 ኮንግረስ ተመልሶ፣ ከባድ ኤስ ዩ ቪ በዚህ አንቀጽ ከ25,000 ዶላር በላይ እንዳይቀነስለት ወሰነ። ይኸው ገደብ ከኑሮ ውድነት ጋር እያደገ በ2025 ላይ 31,300 ዶላር ደርሷል።

ፒክአፕ የተለየ ቦታ ያገኘው እዚህ ላይ ነው። ካሶኒው ከውስጥ ሲለካ 6 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከጋቢናውም በቀጥታ የማይገባበት ከሆነ፣ የ31,300 ገደብ አይነካውም። ከ6 ጫማ ያነሰ ከሆነ ግን ሕጉ ከኤስ ዩ ቪ ጋር ይደምረዋል። ፎርድ ኤፍ 150 በ5.5፣ በ6.5 እና በ8 ጫማ ካሶኒ ይሸጣል። ደብል ጋቢናው ሰፊና ምቹ የሆነው፣ ቤተሰብ የሚወደው፣ በአብዛኛው ካሶኒው 5.5 የሆነው ነው። ስለዚህ ጥሩ የታክስ ሠራተኛ ከቀለሙና ከዋጋው በፊት «ካሶኒው ስንት ጫማ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ አያውቀውም፤ ሜትር ፍለጋ ይሄዳል።

በፌደራል ታክስ በኩል ይህች የአንድ ጫማ ጉዳይ አሁን ብዙ አትጎዳም። ቦነስ የሚባለው የእርጅና ቅናሽ ከጃኑዋሪ 19 ቀን 2025 በኋላ ለተገዛ ንብረት ወደ መቶ በመቶ ተመልሷልና ከ31,300 የተረፈውን ቦነሱ ይጠርገዋል። ሁለቱም አንቀጾች አዲስም ያገለገለም መኪና ይቀበላሉ። ጉዳቱ ያለው በስቴት ታክስ ላይ ነው። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ቦነሱን አያውቁትም። ቨርጂኒያ ሴክሽን 179ን ስለምትቀበል፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ባለ 6.5 ጫማውን ቢገዛ ለስቴቱም በአንድ ዓመት ይጨርሳል፤ ባለ 5.5 ጫማውን ቢገዛ ከገደቡ የተረፈውን በዓመታት ይከፋፍላል። ሜሪላንድ ደግሞ ሴክሽን 179ን ራሱን ለአብዛኛው ሰው 25,000 ዶላር ላይ አቁማዋለች። ድልድይ ተሻግሮ የሚኖረው ጓደኛ የሰጠው ምክር ለእሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለሰሚው ግን ላይሆን ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር በሜትር አይለካም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ አንድ የታክስ ባለሙያ ዕድሜያቸው ከፍ ላሉ ሥራ ተቋራጭ ደንበኛው ስልክ ላይ ያቀረበው ጥያቄ ይኸውና።

«ጋሼ፣ ቅዳሜና እሑድ መኪናውን ማን ሊነዳው ነው?»

«ልጁ ነዋ! ኳስ አለበት። እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን እሄድበታለሁ። ሰኞ ግን ሥራ ነው፣ ልጄ።»

ልጁም፣ ኳሱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከማይሉ ላይ ይቀነሳሉ። በድርጅት ስም መገዛቱ ይህን አይለውጠውም። የሥራ ድርሻው 80 በመቶ ከሆነ የሚቀነሰውም የዋጋው 80 በመቶ ነው። ድርሻው ከ50 በመቶ ካልበለጠ ደግሞ ሴክሽን 179ም ቦነሱም የሉም። ከቤት ወደ ቢሮ ወይም ወደ መጋዘን የሚነዳው መንገድ የግል ነው፤ ካሶኒው ላይ መሣሪያ ቢጫንም፣ በሩ ላይ የድርጅቱ ስምና ስልክ ቢለጠፍም የግል ነው። ዋና የሥራ ቦታው መኖሪያ ቤቱ የሆነ ተቋራጭ ግን ከደጁ ጀምሮ የሥራ ማይል ይቆጥራል።

ሒሳቡን ደግሞ እንየው። ፒክአፑ 62,000 ዶላር ነው እንበል። 80 በመቶው 49,600 ነው። ከፌደራል የገቢ ታክስና ከግል ሥራ ታክሱ ጋር፣ ከሚያገኘው ተጨማሪ ዶላር ሩቡን የሚከፍል ሰው 12,400 ዶላር ይቀርለታል። ጥሩ ገንዘብ ነው። ታዲያ ቀሪው 49,600 ዶላር ከኪሱ ነው የሚወጣው። «ሙሉውን ራይት ኦፍ» የሚለው ወሬ ውስጥ ይህ ቁጥር ተሰምቶ አያውቅም።

ብዙ ጊዜ የሚደረገው ደግሞ በብድር መግዛት ነው። መኪናው በ72 ወር ክፍያ ቢወሰድም ቅናሹ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ለሙሉ ይገኛል፤ ደስ የሚለውም ይህ ነው። ሁለተኛው ዓመት ሲመጣ ደንበኛው በየወሩ ለባንክ ይከፍላል፣ ታክስ ሊያሠራ ሲቀመጥ ግን ለዋናው ብድር የሚቀነስለት ሳንቲም የለም። ወለዱ፣ ቤንዚኑ፣ ኢንሹራንሱ በሥራው ድርሻ ልክ ይቀነሳሉ፤ የመኪናው ዋጋ ግን አምና ተበልቷል። ባለሙያዎቹ እንደሚሉት «ዘንድሮ ምን ሆኖ ነው ታክሴ የጨመረው?» የሚለው ጥያቄ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ሰው ነው። አምና ገቢው አነስተኛ፣ ዘንድሮ ከፍተኛ ከሆነ ደግሞ ቅናሹን በርካሹ ዓመት ጨርሶ በውዱ ዓመት ባዶ እጁን ቆመ ማለት ነው።

የፌደራሉ ግብር ሰብሳቢ አይ አር ኤስ የሚጠይቀው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ፎርም 4562 ላይ መስመር 24 ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አሉት፦ የሥራ አጠቃቀሙን የሚያሳይ ማስረጃ አለህ? ማስረጃው በጽሑፍ ነው? ሁለቱንም «አዎ» ብሎ ምልክት ማድረግ የሴኮንድ ሥራ ነው። ኦዲት ሲመጣ የሚፈለገው ግን ቀኑን፣ የተሄደበትን ቦታ፣ ምክንያቱንና ማይሉን በጊዜው የመዘገበ ሎግ ነው። ማርች ላይ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ እስክሪብቶ የተጻፈ ሎግ ከሩቅ ያስታውቃል። የኦክቶበሩ ገጽ መቁጠሪያው 48,200 ደርሷል ሲል፣ የዚያው ሳምንት የዘይት መቀየሪያ ደረሰኝ 41,900 የሚል ከሆነ ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ደረሰኙን ያቀረበው ራሱ ባለመኪናው ነው፤ የዘይቱን ወጪ ሊያስቀንስ።

ይህን ሁሉ ጣጣ የሚያስቀር መኪናም አለ። የድርጅቱ ስም በቋሚነት የተጻፈበት፣ ደግሞም ሃይድሮሊክ ማንሻ ወይም በቋሚነት የተገጠመ በርሜል ወይም የካሶኒውን ግድግዳ በደንብ ከፍ የሚያደርግ ቋሚ ጎን ያለው ፒክአፕ፣ ለግል ጉዳይ የማይነዳ ይመስላልና ሕጉ የማይል ሎግ አይጠይቀውም። ይህን መኪና ማንም ወደ ሠርግ አይነዳውም። ታክስ ቆጥቡ እየተባለ የሚገዛውም ይህ አይደለም፤ ቆዳ ወንበር ያለው ነው።

በሥራ መኪናና በቤት መኪና መካከል መስመር ማስመር ያስቸገረው አሜሪካን ብቻ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ቶን መጫን የሚችል ደብል ጋቢና ፒክአፕ ለታክስ እንደ ቫን ይቆጠር ስለነበር ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በብዛት ይሰጡት ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 የግብር መሥሪያ ቤቱ «ከእንግዲህ መኪና ነው» ብሎ አወጀ፤ በሳምንቱ ገበሬውና ነጋዴው ሲያጉረመርም ተመልሶ ሻረው፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ በወጣው በጀት እንደገና መኪና ተባለና ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ጸና። ሎንደን ያለ ሐበሻ የአሜሪካ ዘመዱን ምክር ሰምቶ ደብል ጋቢና ቢያዝዝ የሚጠብቀው ሌላ ሒሳብ ነው።

ለብዙ ደንበኛ የሚሻለው መንገድ አሰልቺው ነው። ቤት የምታሻሽጥ ወኪል በ18,000 ዶላር በገዛችው ያገለገለ ካምሪ በዓመት 20,000 የሥራ ማይል ብትነዳ፣ በ2025 ተመን በማይል 70 ሳንቲም፣ 14,000 ዶላር ትቀንሳለች። የቤንዚንና የጎማ ደረሰኝ አትሰበስብም፤ ሎግ ብቻ ትይዛለች። ተመኑ በየዓመቱ ይከለሳል፣ ማይሉ ግን በየዓመቱ እንደገና ይቀነሳል። መኪናውን በሴክሽን 179 የጀመረ ሰው ወደዚህ መንገድ በዚያው መኪና መመለስ አይችልም።

መውጫውም ዋጋ አለው። በአምስቱ የእርጅና ዓመታት ውስጥ የሥራ ድርሻው ወደ 50 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከወረደ፣ ለምሳሌ ባለቤቱ ሥራውን ትቶ ቅጥር ከገባና ፒክአፑ የቤት መኪና ከሆነ፣ በቶሎ የተቀነሰው ክፍል ገቢ ሆኖ ይመለሳል። ሲሸጥም እንደዚሁ ነው፦ ዋጋው በሒሳብ ዜሮ ለሆነ መኪና 30,000 ዶላር ከተገኘ፣ ለሥራው ድርሻ የሚደርሰው ገንዘብ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ነው። ከ2018 ጀምሮ አሮጌውን ዲለር ዘንድ ሰጥቶ አዲስ መለወጥም እንደ ሽያጭ ይቆጠራል።

ሥራ ተቋራጩ ጋሼ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ዲሴምበር 31 ሳይደርስ መኪናውን ተረክበው ሥራ ማስጀመር እንዳለባቸው፣ ውል መፈረምና ቀብድ መክፈል እንደማይበቃ ሲነገራቸው፣ ሻጩን «ቆይ፣ እደውልልሃለሁ» ብለው ወጡ። በፌብሩዋሪ የገዙት ያገለገለ፣ ባለ 8 ጫማ ካሶኒ፣ ሁለት በር ፒክአፕ ነው፤ ላዩ ላይ የመሰላል መደርደሪያ አለው። 28,000 ዶላር ከፈሉ። ልጁ አኩርፏል።