ዳትሰን 240ዜድ፦ ከኋላ «ዷ» የሚለው ማነው?

ዳትሰን 240ዜድ ያለው ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። መብራት ላይ ቆሞ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮን ሲለቅ ከወንበሩ ጀርባ «ዷ» ይላል። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሳ ይደገማል፤ የኋላ ማርሽ ሲያስገባ ደግሞ ይብሳል። ጓደኛውን ቢጠይቅ «ዲፈረንሻሉ ሄዷል» ይለዋል። ዲፈረንሻሉ ወርዶ፣ ተበትኖ፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ሲመለስ ግን ድምፁ እዚያው ሊጠብቀው ይችላል። የመኪና አካል ብረት ስለሆነ ድምፅን ከቦታ ቦታ ይዞ ይሄዳል፤ ጆሮም መነሻውን ይስታል። ቦታው ቢያታልልም ጊዜው አያታልልም። ድምፁ መቼ እንደሚመጣ በደንብ የተከታተለ ሰው አንድ ቡሎን ሳይፈታ ከተጠርጣሪዎቹ አብዛኞቹን ያሰናብታል።

መኪናዋና ጀርባዋ

ኒሳን ይህችን ባለ ሁለት ወንበር መኪና በ1969 መገባደጃ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን «ፌርሌዲ ዜድ» ብሎ አወጣት። በአሜሪካ ከ1970 ጀምሮ 240ዜድ ተብላ በ3,526 ዶላር ስትቀርብ፣ በዚያ ዋጋ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትርና 151 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ማግኘት ለገዢው ሠርግና ምላሽ ነበር። ኒሳንን በአሜሪካ ይመሩ የነበሩት ዩታካ ካታያማ ስማቸው እስከ ዛሬ ከመኪናዋ ጋር ይነሳል። ጥንካሬዋን የአህጉራችን አቧራና ጭቃም ፈትኖታል፦ በ1971 ኤድጋር ሄርማንና ሃንስ ሹለር፣ በ1973 ደግሞ ትውልዱ ኡጋንዳ የሆነው ሼካር ሜህታ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፉት በ240ዜድ ነው።

በዚያ ዋጋ ካስደነቁት ነገሮች አንዱ የኋላ ጎማዎቿ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው መንቀሳቀሳቸው ነበር። በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ዲፈረንሻሉ ሁለቱን ጎማዎች በሚያገናኝ ወፍራም ብረት ውስጥ ይቀመጣል፤ ባሌስትራ ላይ ታስሮም ከጎማዎቹ ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። በ240ዜድ ግን ዲፈረንሻሉ ከመኪናዋ አካል ጋር ታስሯል፤ የሚወጡና የሚወርዱት ጎማዎቹ ብቻ ናቸው። ኃይሉን ወደ እነርሱ የሚያደርሱት ሁለት የጎን ዘንጎች ናቸው። እያንዳንዱ ዘንግ በሁለቱም ጫፎቹ ክሮቼራ (ዘንጉ አንግል እየቀየረም እንዲዞር የሚያስችል ባለ መስቀል መገጣጠሚያ) አለው፤ መካከሉ ደግሞ እንዲረዝምና እንዲያጥር ተንሸራታች ተደርጓል። ከካምቢዮ ኃይል ይዞ የሚመጣው ካርዳንም የራሱ ሁለት ክሮቼራ ስላለው በጠቅላላው ስድስት ይሆናሉ። የመኪናዋ ምቾትና መንገድ አያያዝ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ኳኳታዋም እንዲሁ።

ዲፈረንሻሉ የታሰረበት መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። ከፊት፣ አፍንጫው ሥር፣ በሁለት ብረቶች መካከል የተጣበቀ ላስቲክ አለ፤ ይህ የፊት ሱፖርቶው ነው። ከኋላ ደግሞ የተጠማዘዘ አግዳሚ ብረት ይይዘዋል፤ የብረቱ ሁለት ጫፎች በጎሚኒ በኩል ከአካሉ ጋር ታስረዋል። ከአፍንጫው በላይ አንድ ጠንካራ ቀበቶ ያልፋል።

ላስቲኩ ለምን ይቀደዳል?

ሞተሩ ቢበዛ 198 ኒውተን ሜትር ያህል የመጠምዘዝ ኃይል ያወጣል። ባለ አራት ማርሽ በሆነችው የአሜሪካ 240ዜድ ላይ አንደኛ ማርሽ ይህን 3.59 ጊዜ ያበዛዋል፤ ዲፈረንሻሉ እንደገና 3.36 ጊዜ። ሁለቱ ሲባዙ ኃይሉን 12 እጥፍ ስለሚያደርጉት ጎማዎቹ ዘንድ ሲደርስ 2,300 ኒውተን ሜትር ያልፋል። ጎማዎቹ በዚህ ኃይል መኪናዋን ወደ ፊት ሲገፉ፣ ያው ኃይል የዲፈረንሻሉን ቤት በተቃራኒው ሊያዞረው ይታገላል፤ አፍንጫውም ወደ ላይ ይነሳል። ነዳጅ ሲለቀቅ ሞተሩ መኪናዋን መያዝ ስለሚጀምር አፍንጫው ተመልሶ ወደ ታች ይጫናል።

ላስቲክ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲጎትቱት ግን ይሰነጠቃል። የፊት ሱፖርቶው ደግሞ ያለው ከአፍንጫው ሥር ስለሆነ መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ይጎተታል። ቀበቶው የታሰረው ለዚህ ነው፦ አፍንጫው ከልክ በላይ እንዳይነሳ። ዓመታት አልፈው ሱፖርቶው ከብረቱ ሲገነጠልና ቀበቶው ሲላላ አፍንጫው ያለ ከልካይ ተነስቶ ብረት ይመታል። ዛቢያው የላላ መጥረቢያ ስለቱ ምንም ቢሆን በተሰነዘረ ቁጥር እንደሚንኳኳ ሁሉ፣ ጥርሱ ሙሉ የሆነ ዲፈረንሻልም ማሰሪያው ከላላ ይጮኻል።

መቼ ነው የሚጮኸው?

አንድ ጊዜ ብቻ ከባድ «ዷ» የሚል፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ የሚመጣ ድምፅ ኃይሉ አቅጣጫ ሲቀይር አንድ ትልቅ ነገር ከቦታው እየተነሳ መሆኑን ይናገራል። ቀዳሚዎቹ ተጠርጣሪዎች የፊት ሱፖርቶው፣ ቀበቶውና የኋላው ብረት ጎሚኒዎች ናቸው።

«ቀጭ ቀጭ» እያለ ከፍጥነቱ ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ድምፅ ከሚሽከረከር ነገር የሚመጣ ነው፤ በአብዛኛው ግሪሱ ያለቀበት ክሮቼራ ይሆናል። ክሮቼራ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የሚሰማው ሲነሱ ብቻ፣ በቀጭን የብረት ድምፅ ነው። እየባሰበት ሲሄድ ንዝረት ይጨመርበታል። ያን ጊዜ ነገሩ ከድምፅነት ወደ አደጋነት ተሻግሯል፤ በፍጥነት ላይ የተሰበረ ዘንግ ሥር ያለውን ሁሉ ይመታልና።

ነዳጁ ሳይነካ ጉድጓድ ወይም እብጠት ሲያልፉ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ነፃ ነው። የሚፈተሹት የታችኛው ክንድ ጎሚኒዎችና ሾኩ ናቸው። የዚች መኪና ሾክ ሊቀየር የሚችለው ውስጡ ብቻ ነው፤ አዲሱ በአሮጌው ቱቦ ውስጥ ይገባና ከላይ በትልቅ ዳዶ ይታሰራል። ዳዶው በደንብ ካልጠበቀ ሾኩ በቱቦው ውስጥ እየዘለለ ልክ እንደ ዲፈረንሻል ድምፅ ያሰማል። ሾክ ካስቀየሩ በኋላ የጀመረ ኳኳታ ሲኖር መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ጠባብ ኩርባ ላይ ቀስ ብለው ሲዞሩ ብቻ የሚመጣ ድምፅ ግን ወደ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ይጠቁማል። ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት ሲዞሩ የሚሠሩት ከኮሮናው (ከትልቁ ባለ ጥርስ ቀለበት) ጋር የተያያዙት ትናንሽ ጥርሶች ናቸው። እነርሱ ወይም የተሰኩበት ፒን ከተበሉ የሚሰሙት ያኔ ነው። ያለማቋረጥ የሚያለቅስ፣ ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ቃናው የሚቀያየር ድምፅም የኮሮናና እሱን የሚያዞረው የፒኞን ወይም የኩሽኔታዎቻቸው ጉዳይ ነው። እሱ ግን «ዷ» ከሚለው ጋር መምታታት የለበትም።

ከመኪናዋ ሥር

የቀረው በእጅና በዓይን የሚጣራ ነው። የፊት ጎማዎቹ በሁለቱም በኩል ድንጋይ ይደረግባቸዋል፤ ጀርባዋ በክሪክ ይነሳና በጠንካራ የብረት መቆሚያዎች ላይ ታርፋለች። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን አሲዞ መቆመር ነው። ካምቢዮው ባዶ ላይ ይደረጋል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ ማንም መኪናዋ ውስጥ አይቀመጥም።

ከዚያ ካርዳኑን በሁለት እጅ ጨብጦ ወዲያና ወዲህ ማዞር ነው። የኋላ ጎማዎቹ በፍሬን ስለተያዙ ካርዳኑ ብዙም ሊዞር አይገባውም። የሚዞርበት ያህል ከኋላው የተከማቸ ክፍተት አለ ማለት ነው። ክፍተቱን ለማግኘት ዓይን ኃይሉ የሚሄድበትን መንገድ ተከትሎ፣ እንቅስቃሴው የት ላይ እንደሚቆም ይመለከታል። ካርዳኑ እየዞረ የዲፈረንሻሉ መግቢያ ካልዞረ መሃላቸው ያለው ክሮቼራ ነው። መግቢያው እየዞረ በጎን ያሉት መውጫዎች ከዘገዩ ክፍተቱ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ነው። የጎን ዘንጉ አንድ ጫፍ ዞሮ ሌላው ከቀረ ከዘንጉ ሁለት ክሮቼራዎች አንዱ ወይም መሃሉ ያለው ተንሸራታች ነው። ዘንጉ እስከ ጫፉ ዞሮ ጎማው የሚታሰርበት ሞዞ ካልተንቀሳቀሰ የሞዞው ዳዶ ላልቷል፤ አለዚያም ጥርሶቹ ተበልተዋል። በያንዳንዱ መገናኛ ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ቢሰመር ዓይን የማይይዘው ትንሽ እንቅስቃሴ እንኳ መስመሩ ሲቆረጥ ይታያል።

ጥቂት ክፍተት መኖሩ ጤናማ ነው። ጥርሶች ዘይት የሚገባበት ቦታ ስለሚፈልጉ በኮሮናና በፒኞን መካከል ከ1 ሚሊሜትር እጅግ ያነሰ ርቀት ሆን ተብሎ ይተዋል። ክሮቼራ ላይ ግን በእጅ የሚታወቅ መላላት ጤና አይደለም። ከመስቀሉ ጫፎች ዙሪያ ቡናማ፣ ደረቅ የዝገት ዱቄት ከታየ በውስጡ ያሉት መርፌ መሳይ ኩሽኔታዎች ግሪስ አጥተው እየተፈጩ ነው፤ ግሪስ መጨመር ድምፁን ለጥቂት ቀን ይደብቀው እንደሆነ እንጂ አያድነውም።

ሱፖርቶውን ለመፈተን አንድ ረጅም ብረት በዲፈረንሻሉ አፍንጫ ሥር ተደርጎ ወደ ላይ ይገፋል። ደህና ሱፖርቶ ጥቂት ተለጥጦ እምቢ ይላል። የተገነጠለው ላስቲኩና ብረቱ ተለያይተው ብርሃን ያሳልፋል። የሚገፋው ብረት ሲለቀቅ ሁለቱ ተመልሰው ስለሚገጥሙ ዝም ብሎ በተመለከተው ዓይን ደህና ይመስላል፤ ዲፈረንሻሉ ያለ ጥፋቱ የሚፈታውም ብዙ ጊዜ ይህ ሳይሞከር ሲቀር ነው።

ከየት ይጀመር?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከቀላሉና ከርካሹ መጀመር ይበጃል። መጀመሪያ ከኋላ የተቀመጠው ክሪክና ትርፍ ጎማ መታሰራቸው፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧም አካሉን አለመንካቱ ይታያል። ቀጥሎ የካርዳኑ፣ የጎን ዘንጎቹና የዲፈረንሻሉ ማሰሪያ ቡሎኖች በቁልፍ እንዲጠብቁ ይደረጋል። ከዚያ ሱፖርቶውና ቀበቶው፣ ከዚያ ጎሚኒዎቹ፣ ከዚያ ክሮቼራዎቹ ይመጣሉ። ዲፈረንሻሉን መክፈት የመጨረሻው ነው። አንድ ነገር ተቀይሮ መኪናዋ ሳትነዳ ሌላው መነካት የለበትም፤ ሁለት ነገር በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ያዳነው የትኛው እንደሆነ አያውቅም።

ሱፖርቶው ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ አንድ ምርጫ ይመጣል። በላስቲኩ ምትክ ጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከናካቴው ብረት የሚያስገቡ አሉ። «ዷ» የሚለው ድምፅ ያኔ በአብዛኛው ይጠፋል፤ ለውድድር መኪናም አፍንጫውን አጥብቆ መያዝ ጥቅም አለው። ነገር ግን ላስቲኩ እስከዚያ ድረስ ይውጠው የነበረው የጥርሶች ፉጨት በቀጥታ ወደ ወንበሩ ይገባል፤ ሲነሱ ብቻ ይሰማ የነበረውን ድምፅ ያጠፋ ሰው መንገዱን በሙሉ የሚከተለው ድምፅ ገዝቶ ይሄዳል። ለውድድር ለማያሰልፋት ሰው የሚሻለው አዲስ ላስቲክና በልኩ የተወጠረ ቀበቶ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ እንደገና እንደሚቀየር እያወቁ።